ከመዋደድ በኋላ የሚመጣው ሥራ፦ ትዳርን ስለማጽናት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ አንድ የገጠር ቀበሌ፣ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ባለ ዋርካ ሥር ለሽምግልና ከተቀመጡት አምስት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ሚስቲቱ ከዘጠኝ ዓመት ትዳር በኋላ ልብሷን ጠቅልላ አባቷ ቤት ገብታለች። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ጠየቋት፤ መታሽ ወይ፣ ሌላ ሴት ያዘብሽ ወይ፣ እህሉን እየሸጠ ጠጣበት ወይ? ለሁሉም «የለም» አለች። ከዚያም አቀርቅራ ብዙ ቆየችና «ዶሮዋ አሥራ አንድ ጫጩት ፈለፈለች ብዬ ነገርኩት፤ ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም» አለች። ከመካከላችን ሳቅ ያመለጠው ሰው ነበር። በዕድሜ ትልቁ ሽማግሌ ግን አልሳቁም፤ ወደ ባልየው ዞረው «የጫጩቶቹን ነገር ስትነግርህ ሰምተህ ነበር?» አሉት። «ሰምቻለሁ አባቴ» አለ። «ታዲያ ምን አልካት?» ሰውየው መልስ አልነበረውም።

የዚያን ዕለት ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን ሁሉ የራሴን ቤት ሳስብ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ኖሬያለሁ። በእነዚህ ዓመታት ከቤቴም ከሽምግልናም ያየሁት ነገር፣ በሌላ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ባልና ሚስትን ለዓመታት ተከታትለው ከደረሱበት ጋር ይገጥማል። ይኸውም ሁለት ሰዎችን አብሮ የሚያቆያቸው፣ አንዱ በቀን ውስጥ ደጋግሞ ለሚያነሳት ትንሽ ነገር ሌላው የሚሰጣት ምላሽ መሆኑ ነው። መዋደዱ በሩን ይከፍታል፤ ቤቱ ውስጥ የሚያኖረው ግን በየቀኑ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ይለመዳል። ከዚህ በታች የማቀርበው ይህ ሥራ በዕለት ኑሮ እንዴት እንደሚለመድ ነው።

ግለቱ እስከ የት ያደርሳል

ሰው ሰውን በመጀመሪያ የሚመኘው በመልኩ፣ በድምፁ፣ በአረማመዱና በፈገግታው ነው፤ ይህን መናቅ አይገባም። ጥምቀት ላይ ዓይኑ ላረፈባት ልጅ ሎሚ የወረወረ ወጣት ልቡ የሚመታው፣ እንቅልፍ የሚያጣውና ምግቡ የማይጥመው ዶፓሚንን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች በአንጎሉ ውስጥ ስለሚበረቱ እንደሆነ ሳይንሱ ይነግረናል። ይሁን እንጂ ይህ ግለት ዕድሜው አጭር ነው። በጣሊያን የፒሳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ዶናቴላ ማራዚቲ ከባልደረባዋ ጋር በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ በቅርቡ ፍቅር የያዛቸው ሰዎች የሆርሞን መጠን ከሌሎቹ የተለየ ሆኖ ተገኝቷል፤ እነዚያኑ ሰዎች ከ12 እስከ 24 ወር ቆይተው እንደገና ሲለኩ ግን ልዩነቱ ጠፍቶ ነበር።

ስለዚህ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት «ልቤ እንደ ድሮው አይመታም፤ ፍቅራችን አልቋል ማለት ነው» ብሎ የሚጨነቅ ሰው የተሳሳተ ምልክት እያነበበ ነው። ሰውነት በዚያ ግለት ዘላለም ሊኖር አይችልም፤ እርሻውንም፣ ማስተማሩንም፣ ልጅ ማሳደጉንም ማን ይሠራዋል? ግለቱ በረደ ማለት የምላሹ ተራ ደረሰ ማለት ነው።

በእኛ አካባቢ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ የሆነ ስሕተት አለ፤ «የድሮ ሰው ሳይተያይ ተጋብቶ እስከ መቃብር አብሮ ይኖር ነበር» የሚለው ነው። እኔ ይህን አባባል አልቀበለውም። በ1990 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በተካሄደው ብሔራዊ የቤተሰብና የወሊድ ጥናት ላይ ተመሥርቶ የተሠራ አንድ ምርምር፣ ከመጀመሪያ ጋብቻዎች ውስጥ 45 በመቶ ያህሉ በ30 ዓመት ጊዜ ውስጥ በፍቺ እንደሚያበቁ፣ ከሚፋቱት ሴቶችም ሁለት ሦስተኛው በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት እንደሚለያዩ አሳይቷል። ከምክንያቶቹ ዋና ዋናዎቹ ያለ ዕድሜ መዳርና ልጅ ማጣት ነበሩ። አያቴ የተዳረችው ገና ልጅ ሳለች ነው፤ ከመጀመሪያ ባሏ ቤት ሁለት ጊዜ ጠፍታ ወጥታ፣ ሁለት ጊዜም ዘመዶቿ መልሰው ወስደዋታል። እንዲህ ያለውን «ጸንቶ የኖረ ትዳር» ብዬ መቁጠር አልችልም። እንዲጸና የምንደክምለት ሁለቱም ወድደው የሚኖሩበት ቤት ነው፤ የዓመቱ ብዛት ብቻውን ምንም አይነግረንም።

ለትንሿ ነገር መልስ መስጠት

ወደ ጫጩቶቹ እንመለስ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ጎትማን በሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ አዲስ ተጋቢዎች እንደ ቤታቸው ሆነው የሚውሉበት አፓርታማ አዘጋጅቶ አዋዋላቸውን ሲከታተል ነበር። የተከታተለው ተራ ነገር ነው። አንዱ «ያቺን ወፍ እያት» ሲል ሌላው ምን ያደርጋል? ዞር ብሎ ያያል? ዝም ይላል? ወይስ «ተወኝ እስቲ» ይላል? ከ6 ዓመት በኋላ በትዳር የቆዩትና የተፋቱት ሲለዩ፣ የቆዩት በዚያን ጊዜ ከ100 ጥሪ ለ86ቱ ምላሽ ይሰጡ የነበሩ ናቸው፤ የተፋቱት ግን ለ33ቱ ብቻ።

ይህ ቁጥር ዋርካው ሥር የሰማሁትን ቃል እንደገና እንድሰማው አደረገኝ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ከዋሸራና ከጎንጅ የተነሱ ሊቃውንት በሰሙ ሥር የተደበቀውን ወርቅ ሲፈልጉ ዕድሜያቸውን የጨረሱበት አገር ነው። ከዚህ ምድር የበቀለ ሰው የሚስቱን ቃል እንደ ቅኔ መስማት ሊያቅተው አይገባም ነበር። «አሥራ አንድ ጫጩት» ሰሙ ነው፤ ወርቁ «ደስ ብሎኛል፤ ከእኔ ጋር ደስ ይበልህ» ነው። በእኛ ቤት «ውደደኝ»፣ «እይኝ»፣ «አጽናኝኝ» ብሎ በግልጽ የሚናገር ሰው እምብዛም የለም። «ዛሬ ደመናው ጠቁሯል» ይባላል፤ «የጎረቤት ላም ወለደች» ይባላል፤ «ይኼ ወገቤ ደግሞ» ተብሎ ይተነፈሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ልምምድ መስማት ነው፤ ለአንድ ሳምንት ያህል የትዳር ጓደኛዎ በቀን ስንት ጊዜ እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር እንደሚያነሳ ልብ ይበሉ። ብዛቱ ያስደንቅዎታል።

ምላሹ ረጅም መሆን የለበትም። ቀና ማለት፣ ስልኩን ገልበጥ አድርጎ ማስቀመጥና አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል። «አሥራ አንድ? ሁሉም ደኅና ናቸው?» ለማለት የሚፈጀው ጊዜ በሬ ለመጥመድ ከሚፈጀው ያንሳል። በእርግጥ ሥራ የሚያጣድፍበት ሰዓት አለ፤ ዝናብ እየመጣ አውድማ ላይ የተበተነ ጤፍ ያለው ሰው ስለ ጫጩት ሊያወራ አይችልም። በዚያን ጊዜ ዝም ከማለት «እህሉን ላስገባና ማታ ንገሪኝ» ማለት ይሻላል፤ ማታ ደግሞ እሷ እስክታነሳው ሳይጠብቁ «ጫጩቶቹስ?» ብሎ ራስ መጠየቅ ነው። የቀጠሩትን አለመርሳት ከመጀመሪያው ምላሽ የበለጠ ዋጋ ያለው ይመስለኛል።

ለዚህ ልምምድ ከቡና የተሻለ ነገር አላውቅም፤ ሥርዓቱ በእጃችን አለ። ችግሩ ቡናችን የጎረቤትና የእንግዳ መሆኑ፣ ባልም አቦልን ጠጥቶ መውጣት መልመዱ ነው። ጎረቤት መጥራቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን በሳምንት አንድ ቀን ቡናውን ለሁለት ብቻ ማድረግ ይገባል። እኛ ቤት ይህ የሚሆነው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። አቦል ላይ የገንዘብና የልጆች ጥፋት ጉዳይ አይነሳም፤ የሳምንቱ ወሬ ብቻ ነው። ከባድ ነገር ካለ ቶና ላይ ይነሳል፤ እስከዚያ ሁለታችንም ሰውነታችን ተፈትቷል። በረካ ላይ ሁለታችንም በሳምንቱ ውስጥ አንዱ ለሌላው ያደረገውን አንድ ነገር አንስተን እናመሰግናለን። መጀመሪያ ላይ ይህ የመጨረሻው ያሳፍረን ነበር፤ ሸሚዝ ስለተተኮሰልኝ ማመስገን የሕፃን ጨዋታ መሰለኝ። አሁን ግን ሳምንቱን ሙሉ በረካ ላይ የምናገረውን ነገር እየፈለግሁ እንደምውል አውቄያለሁ፤ ለካ የማመስገኑ ጥቅም ዓይንን ማስለመዱ ነው።

አንድ ነገር በተለይ ላስጠነቅቅ፤ በእኔ ላይ የደረሰ ነውና። ባለቤቴ በክረምት መርሐ ግብር ዲግሪዋን እንድትቀጥል ተቀባይነት ያገኘችበትን ደብዳቤ ይዛ ስትመጣ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ክፍያውን ማን ይችለዋል?» የሚል ነበር። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ሰዓቱ ግን ትክክል አልነበረም። ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከተው አሁንም ይታየኛል። በካሊፎርኒያ የምታስተምረው ሼሊ ጌብልና ባልደረቦቿ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የፍቅር ጓደኛሞች ለመልካም ዜና የሚሰጡት ምላሽ በክፉ ቀን ከሚሰጡት ድጋፍ ይልቅ ከግንኙነታቸው ደኅንነት ጋር በብርቱ የተያያዘ ሆኖ አግኝተውታል። እኛ በኀዘን ጊዜ ለመድረስ ማንም አይቀድመንም፤ እድሩም ድንኳኑም አለ። በደስታ ጊዜ ግን «ቡዳ እንዳይበላሽ» እያልን፣ ወይም ወጪውን እያሰብን፣ የሰውን ደስታ እናቀዘቅዛለን። የትዳር ጓደኛዎ መልካም ዜና ይዞ ሲመጣ ዝርዝሩን ጠይቁት፤ ማን ነገረህ፣ ምን ተሰማህ፣ መቼ ይጀመራል። የገንዘቡ ጉዳይ ነገ ይነሳል።

ጠብ ሲነሳ

የማይጣላ ባልና ሚስት አላየሁም፤ ካለም የሚፈራራ ነው። ጎትማን ካጠናቸው የባልና ሚስት ጠቦች ውስጥ 69 በመቶ ያህሉ መፍትሔ የማያገኙ፣ ከጠባይና ከአስተዳደግ ልዩነት የሚመነጩ ሆነው ዓመታት አልፈውም ተመልሰው የሚነሱ ነበሩ። ይህ ለእኔ የሚያጽናና ዜና ነው። አንዱ እንግዳ ሳይነግር ይዞ መምጣት የሚወድ፣ ሌላዋ ደግሞ እንጀራው እንዳያንስ የምትሰጋ ከሆነች፣ ይህ ነገር በሃያኛው ዓመትም አይጠፋም። እንግዲህ ማንም ማንንም አሸንፎ ሊጨርሰው የማይችለው ጠብ እንዴት እንደሚያዝ መማር ያስፈልጋል።

አጀማመሩ ብዙውን ነገር ይወስናል። «አንተ መቼም ለሰው አታስብም» ተብሎ የተጀመረ ጠብ በሰውየው ጠባይ ላይ ስለሚያርፍ መከላከልን እንጂ መስማትን አያመጣም። «ትናንት እንግዳ ይዘህ እንደምትመጣ ስላልነገርከኝ እንጀራው አነሰ፤ በሰው ፊት አፈርኩ» ብላ የጀመረች ሴት ግን የሆነውን ነገርና የተሰማትን ብቻ ተናግራለች፤ ቀጥላም የምትፈልገውን ብትጨምርበት፣ «ከጠዋት ብትነግረኝ ሊጥ እጨምራለሁ» ብትል፣ ነገሩ እዚያው ሊያልቅ ይችላል።

ከሁሉም የከፋው ንቀት ነው። ተመራማሪዎቹም ፍቺን አስቀድሞ ከሚያመለክቱት ነገሮች ሁሉ ዋነኛው ንቀት እንደሆነ አግኝተዋል፤ የእኛም አባቶች «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ያሉት ይህን ስለሚያውቁ ይመስለኛል። በእኛ አገር ንቀት መንገዱን ያውቃል፤ ወደ ዘርና ወደ ወላጅ ይሄዳል። «የእናትሽ ልጅ»፣ «ከማን ቤት መጣህና» የሚሉ ቃላት አንድ ጊዜ ከወጡ፣ ዕርቁ በሽማግሌ ፊት ቢፈጸምም ቃሉ ከሰውየው ልብ አይወጣም። ስለዚህ ባልና ሚስት በሰላሙ ጊዜ አንድ ሕግ ይደንግጉ፤ ጠቡ ምንም ያህል ቢከር ወላጅ፣ ዘርና የሰውነት ጉድለት አይነሱም። እዚሁ ላይ ጎትማን የደረሰበትን አንድ ሚዛን ማንሳት ይገባል፤ በሚጸኑ ትዳሮች ውስጥ፣ በጠብ መካከል እንኳን፣ ለአንድ ክፉ ቃል ወይም ፊት አምስት ያህል መልካም ነገሮች ይገኛሉ። ራስ መነቅነቅ፣ «ይኼስ እውነትሽን ነው» ማለት፣ ትንሽ ፈገግታ ሁሉም ይቆጠራል።

ደም ሲፈላ ግን አምስቱም አይገኙም። ልብ በኃይል ሲመታ ሰው የሰማውን አያስተውልም፤ ሰውነት እስኪረጋጋ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። በዚያን ጊዜ ወጣ ብሎ ከብቱን ማየት፣ ውኃ መቅዳት፣ በቤቱ ዙሪያ መራመድ ተገቢ ነው። እዚህ ላይ ግን እኛን የሚመለከት ትልቅ አደጋ አለ፤ ኩርፊያ። ዕረፍትና ኩርፊያ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ዝምታ ናቸው። ልዩነቱ ዕረፍት የሚወጣው ሰው «ትንሽ ልረጋጋና እመለሳለሁ» ብሎ ተናግሮ የሚወጣ፣ በተናገረውም ሰዓት የሚመለስ መሆኑ ነው። አኩራፊው ግን ሳይናገር ይሄዳል፤ ሌላው እስኪለማመጠውም ሦስት ቀን፣ ሳምንት፣ አንዳንዱ ከጾሙ እስከ ፍስኩ ይዘጋል። ኩርፊያን እንደ ጨዋነት የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ፤ «አልተሳደብኩም፣ ዝም ነው ያልኩ» ይላሉ። ያለ መልስ የቀረች ሚስት ወይም ያለ መልስ የቀረ ባል ግን ከስድብ ያልተናነሰ ይጎዳል፤ የጫጩቷ ሴት አባቷ ቤት የገባችው ስድብ ሰምታ አልነበረም።

ከጠብ በኋላ ደግሞ መመለሻ መንገድ ያስፈልጋል። ወላጆቼ «ይቅርታ» ሲባባሉ ሰምቼ አላውቅም። አባቴ ከእናቴ ጋር በተጣላ ማግሥት ሳይጠየቅ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ከጓዳው ጀርባ እንጨት ይፈልጥ ነበር። እኛ ልጆቹ መደብ ላይ ተኝተን የምሳሩን ድምፅ እንሰማለን፤ እናታችንም ትሰማለች፤ ጥቂት ትቆይና ብረት ምጣዱን አውርዳ ቡና መቁላት ትጀምራለች። የቡናው ሽታ ሲመጣ የምሳሩ ድምፅ ይቆማል። እያንዳንዱ ቤት እንዲህ ያለ የራሱ ምልክት ቢኖረው፣ ጉርሻም ይሁን ጋቢ ማልበስ፣ ዋናው ነገር አንዱ ሲልከው ሌላው እምቢ አለማለቱ ነው። እናቴ አንድ ቀን እንኳን «እንጨቱ በቅቶኛል» አላለችም።

በዚህ ላይ አንድ ቀላል ልምምድ ልጨምር። ተመራማሪው ኢላይ ፊንክልና ባልደረቦቹ በቺካጎ አካባቢ ያሉ 120 ባልና ሚስቶችን ለሁለት ዓመት ተከታትለው በ2013 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፣ በመጀመሪያው ዓመት የሁሉም የትዳር እርካታ ቀስ በቀስ ሲቀንስ ቆይቷል። በሁለተኛው ዓመት ግማሾቹ በየአራት ወሩ ለ7 ደቂቃ ያህል፣ የተጣሉበትን ጉዳይ ለሁለቱም መልካም የሚመኝ ገለልተኛ ሰው እንዴት እንደሚያየው እንዲጽፉ ተደረገ፤ የእነዚህ እርካታ መቀነሱን አቆመ። ያ ገለልተኛ ሰው ማን እንደሆነ ለእኛ መንገር አያስፈልግም፤ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ሳይጠራ፣ ሁለቱም በየራሳቸው ወረቀት ላይ «ዋርካው ሥር የተቀመጡት ሰው ይህን ቢሰሙ ምን ይሉኝ ነበር?» ብለው ይጻፉ። መጻፍ የማይችል በልቡ ያውጠንጥነው፤ ቅን ከሆነ ጥፋቱን ራሱ ያገኘዋል።

ጎተራው፣ መሬቱና ዘመዱ

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተሰጠው የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይሰፍራል። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ ዐዋጅ ቁጥር 79/1995ም፣ በጋብቻ ውስጥ የተፈራውን ሀብት የጋራ አድርጎታል። በወረቀቱ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ፊቶች በኑሮው ላይ ግን ሁልጊዜ ጎን ለጎን አይደሉም። ጤፉ ተሸጦ ዋጋውን ሚስት ከጎረቤት የምትሰማበት ቤት አለ፤ ሚስትም ለወንድሟ ያበደረችውን ባል ከተበዳሪው የሚሰማበት ቤት አለ።

ልማዱ ከባድ አይደለም። በገጠር ከሆነ እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ፣ ገበያ ከመውጣቱ በፊት፣ አንድ ምሽት ተቀምጦ ስንቱ ለቤት፣ ስንቱ ለዘር፣ ስንቱ ለማዳበሪያ፣ ስንቱ ለማኅበርና ለዝክር፣ ስንቱ ለሁለቱም ወላጆች እንደሆነ መለየት ነው። ደመወዝተኛ የሆነ በየወሩ፣ እቁቡ ሲወጣ ደግሞ በተለይ፣ ይነጋገር። ከሁለቱም እውቅና ውጭ ለማንም ሰው ዋስ አለመሆን፣ በእኔ ግምት፣ በቤት ውስጥ ሊደነገጉ ከሚገባቸው ሕጎች የመጀመሪያው ነው፤ በዋስትና የፈረሱ ቤቶችን አይቻለሁ። ለዘመድ መርዳትም ይቀጥል፤ በስውር ግን አይሁን።

ካሪል ሩዝበልት የተባለችው ተመራማሪ ሰዎች በግንኙነት ውስጥ የሚቆዩት በእርካታቸው፣ በሌላ አማራጭ ማጣታቸውና እስካሁን በቤቱ ላይ ባፈሰሱት ነገር እንደሆነ አሳይታለች። ስለዚህ መሬትና ልጅ ያቆየውን ሁሉ ፍቅር ብለን እንዳንሳሳት መጠንቀቅ ይገባል። በጎተራው የተሳሰረ ሰው አብሮ ሊኖር ይችላል፤ የሚመዘነው ግን እርካታው ነው።

አብሮ አዲስ ነገር ማየት

በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። አርተር አሮን የተባለ ተመራማሪ አብረው አዲስና ትንሽ የሚያስቸግር ነገር የሠሩ ጥንዶች፣ የለመዱትን ነገር ከሠሩት ይልቅ ስለ ግንኙነታቸው የተሻለ ስሜት እንደሚያድርባቸው አሳይቷል። ጎጃም ተወልደው አድገው ጢስ ዓባይን አብረው ያላዩ ስንት ባልና ሚስት አሉ? ክረምቱ ሲወጣ፣ ውኃው ሳይጎድል፣ አንድ ቀን አብሮ መሄድ ይቻላል። ካልሆነም ዘመናዊ ቀፎ አብሮ መጀመር፣ አንዱ የሚያውቀውን ዜማ ወይም ፈትል ለሌላው ማስተማር ነው። ለጉልበት ሥራ ወደ መተማ የሚወርድ ወይም በሥራ ምደባ ሌላ ወረዳ የሚኖር ባልም ሆነ ሚስት ስልክ ሲደውል ስለ ልጆችና ስለ ገንዘብ ብቻ አይጠይቅ፤ የዋለበትን አንድ ትንሽ ነገር ይንገር፣ አንድ ትንሽ ነገርም ይጠይቅ።

ሽማግሌ መቼና እንዴት

አንድ ጠብ ከሦስት ጊዜ በላይ በተመሳሳይ ቃል ከተደገመና ሁለቱም መስማማት ካቃታቸው፣ ወይም ኩርፊያው ከሳምንት ካለፈ፣ ሰው መጥራት ነውር አይደለም። ሲመረጥ ግን ከሁለቱም ወገን የሚታመን፣ በቤቱ የሚከበር፣ የሰማውን ገበያ የማያወጣ ሰው ይመረጥ። የነፍስ አባት ለብዙ ሰው ከሁሉ ይቀርባሉ፤ ምሥጢርም ይጠብቃሉ። ሽማግሌውም «ቻይው»፣ «ታገሠው» ብሎ ለማብቃት አይቸኩል፤ እንደ ዋርካው አባት «ታዲያ ምን አልካት?» ብሎ እስከ መጠየቅ ይሂድ።

ዱላ ባለበት ቤት ግን ይህ ጽሑፍ የሚለው ሁሉ አይሠራም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን መምታት ወንጀል ነው፤ የተመታን ሰው ዋርካ ሥር አስታርቆ ወደዚያው ቤት መመለስ ለሽማግሌም ሸክም ነው። በዚህ ጊዜ የሚቀድመው የሰውየው ወይም የሴትዮዋ ደኅንነት፣ ፖሊስና የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው። የትዳሩ መጽናት ከዚያ በኋላ ይታያል፤ ካልጸናም አይጽና።

ሽምግልናው ደግሞ በዕርቁ ዕለት አያበቃም። ብዙ ጊዜ ጠላው ተጠጥቶ፣ ተመራርቀን እንበታተናለን፤ ማንም ተመልሶ አይጠይቅም። ያስታረቀ ሰው በወሩና በሁለት ወሩ ተመልሶ ቤቱን ሊያይ ይገባዋል፤ ይህ ደግሞ የምክር ጉብኝት ሳይሆን የሰላምታ ይሁን። እኔም ሴትዮዋ ወደ ቤቷ ከተመለሰች ከሁለት ወር በኋላ ባልየውን ገበያ ላይ አገኘሁትና «ጫጩቶቹ እንዴት ሆኑ?» አልኩት። ሳያስብ መለሰልኝ። «ሰባት ቀሩን። ሦስቱን ጭልፊት ወሰደብን፤ አንዷ በብርድ ሞተችብን። ያችን ለማዳን እኮ ሌሊቱን በጋቢዋ ጠቅልላ ይዛት ነው ያደረችው።» በእጁ ለዶሮ ቤት የሚሆን ሽቦ ጠቅልሎ ይዟል።